ሣሩ እስኪበቅል

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ስለ አሜሪካ የሚዙሪ ወንዝ ከተሞች ሳነብ ነው የከረምኩት። ኢንዲፔንደንስ፣ ዌስትፖርት፣ ሴንት ጆሴፍ። በፈረንጆች 1840ዎቹና 50ዎቹ ወደ ኦሪገንና ካሊፎርኒያ የሚሰደደው ሰው ስንቁን የሚቋጥረው እነሱ ጋ ነበር።

ለምን እዚያ? ከሴንት ሉዊስ የተነሳ የእንፋሎት መርከብ ወንዙን ሽቅብ ይዞ እስከዚያ ያደርሳል። ከዚያ ወንዙ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ምዕራብ እሄዳለሁ ያለ ወርዶ በሬ መጥመድ ነው። ኦሪገን ድረስ 3,200 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ያውም አብዛኛው ሰው በእግሩ። ሠረገላው ለዕቃ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ጥበቃው ነው። ሚያዝያ ላይ ከተማው በሰው ይጨናነቃል፣ መነሳት ግን የለም። በሬው መንገድ ላይ የሚበላው ሣር ነዋ! ሣሩ ሳይደርስ የወጣ ከብቱን ይጨርሳል። የዘገየን ደግሞ ተራራው ላይ በረዶ ይይዘዋል። ስለዚህ ያ ሁሉ ሕዝብ ከከተማው ዳር ድንኳን ተክሎ ሣር ይጠብቃል። እስከዚያው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይገዛል።

ለነጋዴው ሠርግና ምላሽ ነው። ገዢው መንገዱን አያውቀውም፣ ፈርቷል፣ ብር ይዟል። ለአንድ ሰው 90 ኪሎ ዱቄት፣ 70 ኪሎ የሚጠጋ ቤከን (በጨው የደረቀ የአሳማ ሥጋ)፣ አራት ኪሎ ተኩል ቡና ያዙ ይባላል። ለአምስት ስድስት ወር አራት ኪሎ ተኩል ቡና? የእኛ ሰው ግማሽ መንገድም አይደርስበት። አንዳንዱ የብረት ምድጃ ሁሉ ይጭናል። በ1849፣ ሰው ለወርቅ ወደ ካሊፎርኒያ በተግተለተለበት ግርግር፣ መንገዱ ላይ ያለው ምሽግ ፎርት ላራሚ አካባቢ ሲደርሱ በሬዎቹ ዛሉ። ያ በውድ የተገዛ ቤከን ሜዳ ላይ ተከምሮ ቀረ። በዚያው ዓመት መርከቦቹ ኮሌራም ይዘው መጡ። ሣሩን ሲጠብቁ ሞተው የቀሩ አሉ።

ልቤ የቀረው ግን ሃይረም ያንግ የሚባል ሰውዬ ላይ ነው። በባርነት የተወለደ ጥቁር አናጺ። ነፃነቱን በገንዘቡ ገዝቶ 1850 አካባቢ ኢንዲፔንደንስ ገባ። ሚዙሪ ያኔ ባርነት የተፈቀደበት ግዛት ነው! እዚያ መሃል ቁጭ ብሎ ሠረገላና የበሬ ቀንበር ይሠራል። በ1860 ገደማ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ሠረገላ ይወጣው ነበር። ቀንበሩማ በሺዎች ነው። ዕቃ አመላላሽ ነጋዴውም ስደተኛውም ከእሱ ይገዛል።

ታዲያ እሱ ራሱ ለምን አልሄደም? የልቡን አላውቅም። ግን ኦሪገን ጥቁር ሰው እንዳይሰፍርባት በሕግ ከልክላ ነበር። በ1857 ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ሳይቀር አስገብታዋለች። እሱ በሠራው ቀንበር የተጠመደ በሬ ይገባል፣ እሱ አይገባም። እኔ ይሄን ካነበብኩ ወዲህ የዚያን ዘመን ሠረገላ በሥዕል ሳይ እንደ ድሮው አላየውም።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ካንሳስ ሸሸ። ሲመለስ ንብረቱ የለም። የመንግሥት ወታደሮች ወስደውብኛል ብሎ ካሳ ጠየቀ። በ1882 ሞተ፣ ክሱ ግን ከሞተም በኋላ ቀጠለ። በመጨረሻ ውድቅ ተደረገ።

በ1856 እዚያው ወንዝ ውስጥ ስለሰጠመችው አረቢያ ስለምትባል መርከብም ላወራችሁ አስቤ ነበር። ለሳምንት ይቆየን። ቸር ሰንብቱ።