ስንተኛ ወጣን?

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ መምህራን፣

ልጅ ካርዱን ይዞ ቤት ሲገባ ቀድሞ የሚጠብቀው ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። አምና ስንት አምጥቶ እንደነበር የሚጠይቀው ጥቂት ሰው ነው። አገሮችም ከዚህ አይለዩም።

ፒሳ የሚባለው ዓለም አቀፍ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ የ15 ዓመት ልጆችን በንባብ፣ በሒሳብና በሳይንስ ሲፈትን ቆይቷል። (የ2021ዱ በኮቪድ ሰበብ ለ2022 ተላለፈ።) ውጤቱ በወጣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ማን አንደኛ፣ ማን ጭራ ሆነ ነው። እኔ ግን አገርን ከራሷ ትናንት ጋር እናስተያያት ባይ ነኝ።

ፊንላንድ በ2000 በንባብ አንደኛ ነበረች። ምስጢሯን ፍለጋ ከየአገሩ እንግዳ ጎረፈላት። በ2003 በሒሳብ 544 ነጥብ አመጣች፤ በ2022 ግን 484። አሁንም ከአማካዩ በላይ ስለሆነች ደረጃዋን ብቻ ያየ ሰው «ደህና ናት» ይላል። ፈታኞቹ ራሳቸው 20 ነጥብን በግምት የአንድ ዓመት ትምህርት ያህል ያዩታል። 60 ነጥብ እንግዲህ የዋዛ አይደለም።

ፖላንድ ደግሞ በ1999 በጀመረችው ማሻሻያ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ትምህርት የሚማሩበትን ጊዜ ከ8 ወደ 9 ዓመት አራዘመች። አንድ ዓመት ብቻ! ቀድሞ በ15 ዓመቱ ሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ መዶሻ ይጨብጥ የነበረው ልጅ፣ ያቺን ዓመት ከእኩዮቹ ጋር ንባቡንና ሒሳቡን ቀጠለ። በንባብ 479 የነበረው የአገሪቱ አማካይ በ2003 497 ገባ። ይበልጥ የተሻሻሉትም ከታች የነበሩት ልጆች ናቸው። (ያ አሠራር ከ2017 ጀምሮ በሌላ ማሻሻያ ፈርሷል። ፖለቲካ የፈተና ውጤት አይጠብቅም።)

እኔን ይበልጥ የምትገርመኝ ግን ብራዚል ናት። ሰንጠረዡ ግርጌ ስላለች ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ከ2003 እስከ 2012 በሒሳብ ከ356 ወደ 391 ወጣች። በዚያው ጊዜ ትምህርት ቤት ያሉት የ15 ዓመት ልጆች ከ65 በመቶ ወደ 78 በመቶ ደረሱ። ልብ በሉልኝ፤ ፒሳ የሚፈትነው ትምህርት ላይ ያለውን ልጅ ነው፤ ያቋረጠው አይቆጠርም። ደካማ ተማሪዎቿ እየተንጠባጠቡ የሚቀሩባት አገር እንዲያውም አማካይዋ ሊያምርላት ይችላል። ብራዚል ግን ውጭ የነበሩትን አስገብታም ውጤቷን ጨመረች።

የሚቀጥለው ውጤት ሲወጣ ሰንጠረዡን ለጊዜው ተዉት። ዘገባውን እስከ አባሪው ድረስ ገልጡና ከመቶ ልጆች ስንቱ በፈተናው እንደተወከሉ የሚናገረውን ቁጥር ፈልጉ።

አመሰግናለሁ።