ኪሎ ጨምሩ፣ ሩጫውን ግን አትልቀቁት

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት ልጆቻችን መካከል የአሜሪካ ጦር ውስጥ ለመግባት የሚዘጋጁ አሉ። ዛሬ ብዙዎቹ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ቀጫጭኖች ናችሁ። ሩጫ አይከብዳችሁም፤ የሚከብዳችሁ ብረት ማንሳቱ ነው። እኔም ስገባ 58 ኪሎ ነበርኩ፣ ስለዚህ የምትሉት ይገባኛል።

ከጁን 2025 ጀምሮ የጦሩ የአካል ብቃት ፈተና አምስት ነገር አለው። ዴድሊፍት አለ፤ ከባድ ብረት ከመሬት ሦስት ጊዜ ማንሳት ማለት ነው። እጅን ከመሬት እያላቀቁ የሚሠራ ፑሽአፕ አለ። ከዚያ 90 ፓውንድ ሸክም እየጎተቱ፣ በሁለት እጅ አርባ አርባ ፓውንድ ይዘው የሚሮጡበት አለ። ፕላንክ ይከተላል፤ በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት ነው። መጨረሻ ላይ፣ ሰውነት ከዛለ በኋላ፣ 2 ማይል ይሮጣል። ከእያንዳንዱ ቢያንስ 60 ነጥብ ያስፈልጋል። በብረቱ 100 ብታመጡ ሩጫው ላይ ከወደቃችሁ ወደቃችሁ ነው።

እኔ ይህን ዘንግቼ እልህ ያዘኝ። በአራት ወር 11 ኪሎ ጨመርኩ። በርገሩን፣ ፒዛውን፣ ለስላሳውን፣ ያገኘሁትን ሁሉ በላሁ። ሩጫውን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። ብረቱ ቀለለኝ፣ ሸሚዝ ጠበበኝ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ 2 ማይል ስሮጥ ሁለተኛው ማይል ላይ እግሬ አልታዘዝ አለ። በ14 ደቂቃ ተኩል እጨርሰው የነበረውን በ18 ጨረስኩ። በጣም አፈርኩ። የጨመርኩት ኪሎ አብዛኛው ስብ ነበር።

ጂም ውስጥ «ሩጫ ጡንቻ ይበላል» ሲባል ትሰማላችሁ። ነገሩ መሠረት የለውም አልልም። በ1980 ሮበርት ሂክሰን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ብረትና ሩጫ አንድ ላይ ያሠራቸው ሰዎች እስከ ሰባተኛው ሳምንት ገደማ ጉልበታቸው ጨመረ፤ ከዚያ ቆመ፣ ወደ መጨረሻው ቀነሰ። ግን ሰዎቹ በሳምንት 5 ቀን ብረት ያነሱ ነበር፣ በዚያ ላይ 6 ቀን ሩጫና ብስክሌት በጣም ከብዶ። እንዲያ የሠራ ሰው ቢዝል ምን ይገርማል? ሦስት ቀን ብረት፣ ሦስት ቀን ሩጫ ለናንተ ይበቃል። ከሩጫው አንዱ ረጅምና ቀስ ያለ፣ አንዱ 400 ሜትር እየደጋገሙ፣ አንዱ መካከለኛ ይሁን። ሁለቱ በአንድ ቀን ከገጠሙ ብረቱ ይቅደም፣ ሩጫው ከሰዓታት በኋላ። አንዱን ቀን ተኙበት።

ኪሎው በዝግታ ይምጣ። በወር ከአንድ ኪሎ ትንሽ ቢበልጥ ጥሩ ነው። ለዚህ በቀን ወደ 300 ካሎሪ መጨመር በቂ ነው። በየሁለት ሳምንቱ 2 ማይሉን በሰዓት ያዙት። ሰዓቱ እየረዘመ ከሄደ ምግቡን ትንሽ ቀንሱ፣ ሩጫውን አትንኩት።

አሁን እናቶቼ፣ ይህ እናንተን ይመለከታል። ጡንቻ ለመገንባት በአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ወደ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። 70 ኪሎ ለሆነ ልጅ 112 ግራም ነው። በፍስክ ቀን እንቁላል፣ ወተት፣ ዶሮ አለ፤ አያስቸግርም። ችግሩ ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም 55ቱ የሁዳዴ ቀናት ናቸው። «ልጄ፣ ጾሙን ተወው» የምትል እናት ሰምቻለሁ። ልጁ መጾም ከፈለገ መተው የለበትም። ሁለት መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ፕሮቲን አለው። ሽሮ፣ ክክና ኦቾሎኒ ይጨመሩበት። ከአኩሪ አተር የሚሠሩት ቶፉና የሶያ ወተት እዚህ በየሱቁ አሉ። ካልሞላ የአተር ፕሮቲን ዱቄት አይከለከልም። እንጀራው ብዙ፣ ወጡ ትንሽ ከሆነ ግን ፕሮቲኑ አይሞላም። ወጡ ይብዛለት። ከሩጫ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ በሶ መጠጣት ለኔ እስካሁን ከሁሉ ይበልጥብኛል።

ምን እንደያዘ የማታውቁትን እንክብል ግን አትዋጡ። ስቴሮይድ የሚባለው ጡንቻ ማሳደጊያ መድኃኒት ሊኖርበት ይችላል፤ እሱ ጤናችሁንም ሥራችሁንም ያሳጣችኋል።

ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት ሜዳው ላይ እጠብቃችኋለሁ። ውኃ ያዙ። መጀመሪያ 2 ማይል ሮጠን የየራሳችንን ሰዓት እንጽፋለን፣ ከዚያ ብረቱን እናያለን። እናቶች፣ እናንተም ብትመጡ ደስ ይለናል።

አመሰግናለሁ።