ካራማራን ያላየው ሚሊሺያ

(የካቲት 26፣ በካራማራ ድል መታሰቢያ ላይ ጅማ ከተማ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ተማሪዎቼም፤ እንደምን ዋላችሁ። አካም ኦልተኒ።

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ “አባትሽ የካራማራ ጀግና ነበሩ፤ ስለ እሳቸው ንገሪን” አሉኝ። አከበሩኝ፣ አመሰግናለሁ። ግን አባባ በሕይወት ቢኖርና እዚህ ቢቀመጥ፣ ገና ይህን ሲሰማ እጁን ያወጣ ነበር። “እኔ ካራማራን አላየሁም” ይል ነበር። ሁልጊዜ ያርማል። ሠርግ ቤት ያርማል፣ ለቅሶ ቤት ያርማል። ስለዚህ እኔም ከእርማቱ ልጀምር።

አባቴ የጎማ ወረዳ ገበሬ ነው። ከአጋሮ ብዙም ሳይርቅ ተወለደ፣ እዚያው አረሰ፣ ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ቡናው ቀልቶ ለቀማው ሳያልቅ፣ እዚያው አረፈ። ያደገው ጭሰኛ ቤት ነው። ከለቀሙት ቡና ግማሹ ለባለመሬቱ ይሄድ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ። ገበሬ ማኅበር ሲቋቋም ለአባባም አንድ ሄክታር የማትሞላ መሬት ደረሰችው። ግማሿ ያረጀ ቡና፣ ግማሿ ቁጥቋጦ። “ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተነሥቼ ድንበሯን በጨረቃ ዞርኳት” ይለን ነበር።

ሁለት ዓመት አረሳት። በ1969 ለሚሊሺያ ከየማኅበሩ ሰው ይመልመል ተባለ። “መሬት ያገኘሁበት መዝገብ ላይ ነው ስሜ የተጠራው” ይል ነበር፣ ቅር ሳይለው። እማዬ ታላቅ ወንድሜን አርግዛ ነበር።

ወጣቶች ይህንን ልብ በሉልኝ። ሚሊሺያ ማለት ደመወዝተኛ ወታደር ማለት አይደለም። ትናንት ሞፈር የያዘ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ታጠቅ የሚባል ጦር ሰፈር ነበር፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች እዚያ ገብተው በጥቂት ወራት ሥልጠና ወጥተዋል። አባባ ከዚያ በፊት ጅማን እንኳ ያየው ለገበያ ብቻ ነው። በሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር በገፍ ድንበር አልፎ ገባ። መስከረም 1970 ላይ ጅጅጋ ተያዘች። አባባና ጓደኞቹ የተላኩት ሐረርን ለመከላከል ነበር።

ስለ ውጊያው ብዙ አይነግረንም። ስለ ቁፋሮው ግን ይነግረናል። ምሽግ ሲቆፍሩ መጀመሪያ የሚወጣው አፈር፣ ያ ጥቁሩና ልሙ፣ ለብቻው ወደ ኋላ ይደረጋል። ከታች የሚወጣው ድንጋያማው ወደ ፊት፣ ወደ ጠላት ይቆለላል። ይህን ያዘዘው ሰው የለም። ገበሬ ስለሆኑ ነው። ጥቁር አፈር ከድንጋይ ጋር ሲደባለቅ ማየት አልቻሉም። ስለ ጦርነት ከሰማሁት ሁሉ እንደዚህ ልቤን የሚነካው ነገር የለም። ጥይት እየጮኸ፣ ለማያርሱት መሬት ለአፈሩ አዘኑለት።

ጥር 1970 ላይ ባቢሌ አቅጣጫ ቆሰለ። ቀኝ ጉልበቱን። አንድ ወጣት በጀርባው ተሸክሞ አወጣው። አባባ “ያ የሲዳማ ልጅ” ነው የሚለው። የካቲት 26 ጅጅጋ ነፃ ስትወጣ፣ ካራማራ ስትያዝ፣ አባባ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ወሬውን የሰማው ከሬዲዮ ነው። ክፍሉ በእልልታ ተናወጠ። እጅ የሌላቸው ሰዎች እንዴት ያጨበጭባሉ? እግራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። እንግዲህ የእሱ ካራማራ ይህቺ ናት።

ክረምቱ ሳይገባ ቤቱ ተመለሰ። ወንድሜ ተወልዶ ይድሃል። ቡናው ግን ታሟል። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ ይረግፋል። ሲቢዲ የምንለው የቡና ፍሬ በሽታ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አገራችን ገብቶ ብዙ ቤት አራቁቷል። እዚሁ ከተማችን ጫፍ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ አወጣ። የቡና ገበሬ የሆናችሁ በቁጥር ታውቋቸዋላችሁ፤ 74110፣ 74112። 74ቱ የተመረጡበት ዓመት ነው፣ በፈረንጆቹ።

አባባ ችግኙን ሲያገኝ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። ስልሳ ሴንቲሜትር በስልሳ፣ ጥልቀቱም ስልሳ። በዚያ ጉልበት! ተንበርክኮ መቆፈር አይችልም። የታመመውን እግር ዘርግቶ፣ በጎኑ ተቀምጦ ነበር የሚቆፍረው። የልማት ሠራተኛው መጥቶ “የላዩን አፈር ለብቻ አድርግ፣ ስትተክል መጀመሪያ እሱን መልስ” ሊለው ሲል፣ አፈሩ ቀድሞ ተለይቶ ተቆልሏል። ሠራተኛው ገርሞት “ማን አስተማረህ?” አለው። አባባ “ሐረር” አለው። ሌላ አልጨመረም። ችግኞቹን በበጋ ያጠጣቸው የነበረው ከግንባር ባመጣው ኮዳ ነው። ኮዳው ዛሬም ቤታችን አለ፣ ጎኑ ጎድጎድ ብሏል።

ቡናው በአራተኛው ዓመት ያዘ። እኔና ወንድሞቼ የተማርነው በዚያ ቡና ነው። ሲያረጅ ጎነደለው፣ እንደገና አቆጠቆጠ፣ እንደገና ለቀምን።

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ። ያን ጊዜ ወደ አገሩ በእግሩ የተመለሰውን፣ ጎዳና የቀረውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የወደቀው መንግሥት ጥፋት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ በዚያ መንግሥት ስም የወታደሩ ውለታ መረሳቱ ግን ትክክል አልነበረም፣ አሁንም አይደለም። በማግስቱ ዓመት ለለቀማ ከሚመጡት ሠራተኞች ጋር አንድ ቀጭን ሰውዬ ጎጃም ተነሥቶ መጣ። የሚያውቀው “ጎማ፣ ጅማ፣ ቀኝ እግሩን የሚያነክስ” የሚለውን ብቻ ነው። አጋሮ ገበያ እየጠየቀ አገኘን። ከአባባ ጋር አንድ ምሽግ የነበረ ነው። እሱ ግን ጦሩ ውስጥ ቀርቶ እስከ መጨረሻው አገልግሏል።

አባባ ለቀማ አላስለቀመውም። እንግዳ አደረገው። ያን ሌሊት እማዬ ቡና ቀላ፣ በቅቤ የሚሠራውን ቡና፣ ሠራች፣ ጀበናው ከእሳት አልወረደም። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ስም ይጠራሉ። አንዱ ስም ይጠራል፣ ሌላው “እሱም ሞተ” ወይ “እሱን አላውቅም” ይላል። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ሲኒ አቀርባለሁ። የሲዳማውን ልጅ ስም ያን ሌሊት ሰምቻለሁ። አባቴን ተሸክሞ ያወጣውን ሰው። ሁለቱም አንድ ላይ ነው የጠሩት፣ ከዚያ ዝም አሉ።

ረሳሁት። ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ ልጠይቀው እችል ነበር። ለቀማው ይለቅ፣ ፈተና ይለፍ፣ በዓሉን ስመጣ እጠይቀዋለሁ እያልኩ ኖርኩ። የጎጃሙም ሰውዬ አርፏል።

እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ አባቶች፣ ከሊሙ፣ ከሰቃ፣ ከማና፣ ከዴዶ የመጣችሁ፣ ስንታችሁን ልጆቻችሁ ጠይቀዋችኋል? ተማሪዎቼ፣ እናንተስ? የካቲት 26ን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። አያቶቻችሁ ያን ቀን የት እንደነበሩ ግን ታውቃላችሁ?

ዛሬ አንድ ደብተር ይዤ መጥቻለሁ። በሩ አጠገብ፣ ቡናው ከሚፈላበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ስም፣ ቀበሌ፣ ግንባር፣ አብሮ የነበረ ሰው። ይኸው ነው። መጻፍ ለማይችል ተማሪዎቼ ይጽፉለታል። እባካችሁ ቡናችሁን ስትጠጡ አባቶችን ብቻቸውን አታስቀምጧቸው።

የመጀመሪያው መስመር ላይ የአባቴን ስም ጽፌዋለሁ። በሁለተኛው “የሲዳማ ልጅ፣ ባቢሌ፣ ጥር 1970” ብዬ የስሙን ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ። ከእናንተ መካከል የሚያውቀው ካለ፣ እስክሪብቶው እዚያው አለ።