ለአሮጌ ዴስክቶፕ የትኛው ራም ይስማማል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ደውላችሁ ከምትጠይቁኝ ነገሮች ውስጥ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) ስለመጨመር የሚነሳው ይበዛል። ደጋግመው የመጡትን እዚህ ሰብስቤ መልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተሬ ራም ዲዲአር3 የሚባለው ዓይነት ነው። ዲዲአር4 ይፈጥናል ሲሉ ሰማሁ። ብገዛ ይሠራልኛል?

መልስ፦ አይሠራም። ስሎቱም (ራሙ የሚሰካበት ቦታ) አይቀበለውም።

ጥያቄ፦ የእኔ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ሳትገዢ መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል እህቴ። ብዙው ሰው የሚደውለው ከገዛ በኋላ ነው። ገመዱን ከሶኬት ንቀይና ያለውን ራም አውጥተሽ የተለጠፈበትን ጽሑፍ አንብቢ። «ፒሲ2» ካለ ዲዲአር2 ነው፣ «ፒሲ3» ካለ ዲዲአር3፣ «ፒሲ4» ካለ ዲዲአር4። ከአጠገቡ ያለው ቁጥር ፍጥነቱን ይነግርሻል። 12800 ካለ ለ8 አካፍዪው፣ 1600 ይመጣል። ፒን (ጠርዙ ላይ ያሉትን ወርቃማ መገናኛዎች) በመቁጠር አትድከሚ፤ ዲዲአር2ም ዲዲአር3ም 240 ፒን ነው ያላቸው። የሚለያቸው መሃል ላይ ያለችው ክፍተት የምትገኝበት ቦታ ነው።

መክፈት ካልፈለግሽ ሲፒዩ-ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የራሙን ዓይነትም የማዘርቦርዱን (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ) ሞዴልም ያሳይሻል። ሞዴሉን ጻፊው። ከዚያ የማዘርቦርዱን ማንዋል ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርጂና ሁለት ነገር ፈልጊ፦ በአንድ ስሎት ስንት ጊጋ ይቀበላል፣ በጠቅላላውስ ስንት? ወሳኙ ማዘርቦርዱ ነው። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ቢልሽም ማንዋሉን እመኚ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የሚጠቀምበትን ዓይነት ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ገዛሁ። የእኔ ላይ ሲገባ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ማዘርቦርዴ ጂ41 ይላል።

መልስ፦ ራሙ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። 4 ጊጋ ራም በ8 ቺፕም (ራሙ ላይ ያሉት ጥቋቁር ትንንሽ ክፍሎች) በ16 ቺፕም ይሠራል። ባለ 8ቱ ላይ እያንዳንዱ ቺፕ 4 ጊጋቢት ይይዛል (8 ጊጋቢት አንድ ጊጋባይት ነው)፤ ባለ 16ቱ ላይ ደግሞ 2 ጊጋቢት። የኢንቴል ጂ41 ቺፕሴት (ማዘርቦርዱ ላይ ራሙን የሚያስተዳድረው ክፍል) የሚያውቀው እስከ 2 ጊጋቢት ድረስ ያለውን ቺፕ ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ጎን ስምንት ስምንት ቺፕ ያለበትን ፈልግ። ለዚህ ነው ማዘርቦርዳችሁን እወቁ እያልኩ የምወተውተው። ስሙ ዲዲአር3 ስለሆነ ብቻ ይስማማል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ራም ስቀይር ሁልጊዜ ሹትዳውን አድርጌ ነው የምከፍተው። ገመዱን አልነቅልም፤ እስካሁን ምንም አልሆነም። ትናንት ግን ስከተው ብልጭ አለና አሁን አይነሳም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተ ደህና መሆንህ ይበልጣል። ግን ቆጣ ብዬ ልናገር፣ ይህን ልማድ መስማት አላቆምኩምና።

ሹትዳውን ማለት ኤሌክትሪክ ተቋረጠ ማለት አይደለም። ገመዱ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ (ገመዱ የሚሰካበት፣ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ለማዘርቦርዱ 5 ቮልት መላኩን አያቆምም። ማብሪያውን ስትጫን ኮምፒውተሩ የሚነሳው በዚያ ነው። ብዙ ማዘርቦርድ ላይ ትንሽ መብራት አለች። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እሷ ከበራች ኤሌክትሪክ አለ። ከሁሉ የከፋው ስሊፕ ላይ አድርጎ መክፈት ነው፤ ያኔ ራሙ ራሱ ኤሌክትሪክ ይዟል። እንዲህ ባለ ጊዜ ራም ስትነቅል ወይም ስትከት መገናኘት የሌለባቸው ፒኖች ይነካካሉ። ራሙ ሊቃጠል ይችላል፣ አንዳንዴም ማዘርቦርዱ ጭምር። «እስካሁን ምንም አልሆነም» ዋስትና አይሆንም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

እንግዲህ ሁላችሁም ስሙኝ። ሹትዳውን አድርጉ። ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ራሙን ሳትነኩ በፊት ቀለም ያልተቀባ የኬዙን ብረት ንኩ። ሹራብ ስናወልቅ ጣ ጣ የሚለው ኤሌክትሪክ እኛ ሳይሰማን እንኳን ቺፕ ይገድላል። ራሙን በጠርዙ ያዙት፤ ወርቃማዎቹን ፒኖች አትንኩ። ክፍተቷን ከስሎቱ ጋር አስተያዩና ሁለቱን ጫፍ እኩል ተጫኑ። መያዣዎቹ ቀጭ ካሉ ገብቷል። እምቢ ካለ አትታገሉት። ወይ ዞሯል ወይ ዓይነቱ ሌላ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ደግሞ በፍጹም እንዳትከፍቱ። ገመዱ ተነቅሎም ቢሆን ሰው የሚጎዳ ኃይል ውስጡ ይቆያል።

አንተ አሁን ገመዱን ነቅለህ አዲሱን አውጣ። የድሮውን ብቻ በየስሎቱ እየቀያየርክ ሞክር፤ በየመሃሉ ገመዱን መንቀል አትርሳ። የተቃጠለ ነገር ከሸተተህ ግን ሶኬት ላይ እንዳትመልሰው። ባለሙያ ጋ ውሰደው።

ጥያቄ፦ 1333 ራም ላይ 1600 ብጨምር ችግር አለው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራሉ። ሁለቱም በዝቅተኛው፣ በ1333 ይሄዳሉ። ከቻላችሁ ግን ተመሳሳይ ጥንድ ግዙ።

ጥያቄ፦ 8 ጊጋ አስገባሁ፣ ዊንዶውስ ግን የሚጠቀመው ከ3 ጊጋ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው። ተታለልኩ?

መልስ፦ አልተታለልክም ልጄ። ዊንዶውስህ 32 ቢት ነው። ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም፤ ከእሱም ላይ ለሌሎች ዕቃዎች የሚያዝ አለ። ፕሮሰሰርህ የሚችል ከሆነ 64 ቢቱን መጫን አለብህ። ይህ እንደ አዲስ መጫን ስለሚጠይቅ ፋይሎችህን አስቀድመህ ሌላ ቦታ ቅዳ። ፎቶ የጠፋባቸው ሰዎች ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ።

ጥያቄ፦ የሰርቨር ራም በርካሽ አገኘሁ። ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። መለያው ላይ ከቁጥሩ መጨረሻ «አር» የሚል ፊደል ካለ ተራ ዴስክቶፕ ላይ አይነሳም።

ጥያቄ፦ የራሙን ፒን በላጲስ ማጽዳት ይቻላል?

መልስ፦ ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ እኔ አልመክርም። ወርቁን ይፍቃል፣ ፍርፋሪውም ስሎት ውስጥ ይቀራል። አይሶፕሮፒል አልኮል በንጹህ ጨርቅ ነክራችሁ ጥረጉት፣ እስኪደርቅም ጠብቁ። ገመዱ ተነቅሏል አይደል?

ጥያቄ፦ ራም ጨመርኩ፣ ግን ያው ቀርፋፋ ነው።

መልስ፦ ሥራ ላይ እያሉ ታስክ ማናጀርን (ምን ያህል ራም እንደተያዘ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት) ይክፈቱ። ራሙ ግማሹ ባዶ ከሆነ ችግሩ እሱ አልነበረም። የቆየ ሃርድ ዲስክ ካለዎት በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ማከማቻ) ቢቀይሩት ልዩነቱን ወዲያው ያዩታል።

ጥያቄ፦ አዲስ ራም ካስገባሁ ወዲህ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሽ ቆርቆሮ የሚመስሉ ነገሮችም አናታቸው አብጧል።

መልስ፦ እነዚያ ካፓሲተሮች ናቸው። ካበጡ ራም በመቀያየር አይድንም። አጥፉት፣ ገመዱን ንቀሉና ለኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ አሳዩት።