ስንጥቁ የት ላይ ቆመ?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ አንዲት ቀጭን ስንጥቅ ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

ተማሪ ሳለሁ በቤተ ሙከራ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ሴራሚክ መውጋት ነበር። እንደ መስታወት እስኪያበራ የተወለወለ ነጭ ቁራጭ አለ። ሹል የአልማዝ ጫፍ ታሳርፉበታላችሁ፣ ክብደት ትጭናላችሁ፣ ታነሳላችሁ። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ስታዩት ትንሽ ባለ አራት ማዕዘን ጠባሳ ይታያል። ከየማዕዘኑ ደግሞ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይወጣል። እሱን መለካት ነው ሥራዬ። ስንጥቁ ባጠረ ቁጥር ሴራሚኩ መሰበርን ይቋቋማል ማለት ነው።

ያ ነጭ ነገር ሰው ዳሌ ውስጥ እንደሚገባ እስካስተውል ድረስ ሥራው አሰልቺ መስሎኝ ነበር።

ሴራሚክን ለሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ መጠቀም የጀመረው ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ቡታን ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970። የመረጠው አሉሚናን፣ ማለትም ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን የሚሠራውን ሴራሚክ ነበር። አሉሚና በቀላሉ አይጫርም፣ አይዝግም፣ ሰውነትም ይቀበለዋል። ክፋቱ አሰባበሩ ላይ ነው። ብረት ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል። ሴራሚክ ግን ደህና ቆይቶ ድንገት እንክትክት ይላል። ስብርባሪውን ለቅሞ መጨረስ ደግሞ ከባድ ነው። በተሰበረው የመገጣጠሚያ ኳስ ቦታ የብረት ኳስ ቢተካ፣ የቀረው ፍርፋሪ ብረቱን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል።

ሁልጊዜ የሚገርመኝ ዚርኮኒያ የተባለው ሌላው ሴራሚክ ነው። ስንጥቅ ሲጠጋው ቅንጣቱ ቅርጹን ቀይሮ በ4 በመቶ ገደማ ያብጣል። ሲያብጥ ስንጥቁን ከግራና ከቀኝ ይጫነዋል፣ መንገዱን ይዘጋበታል። ይህ በ1975 በጽሑፍ ሲወጣ ተመራማሪዎቹ ከአረብ ብረት ጋር ነበር ያነጻጸሩት። እኔም ስማር ማመን አቅቶኝ ሁለቴ አንብቤዋለሁ።

ግን ለብቻው ሲሆን እርጥበት ያስረጀዋል። ቅንጣቶቹ ስንጥቅ ሳይመጣ ካለጊዜያቸው ይለወጣሉ። ሰውነታችን ደግሞ እርጥብ ነው። በ2001 ብዙ የዚርኮኒያ ኳሶች ከገበያ ተሰብስበዋል። ሰው ውስጥ ገብተው እየተሰበሩ ነበር። ምክንያቱ የሚተኮሱበት ምድጃ አሠራር መለወጡ ነው። ይህን ሳስብ እስካሁን ሆዴ ይረበሻል። አንድ ምድጃ፣ ስንት ሰው ዳግም ቀዶ ጥገና!

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ቅይጥ ነው። አብዛኛው አሉሚና ሆኖ ዚርኮኒያው በመሃሉ ይበተናል። አሉሚናው አጥብቆ ይይዘዋል፣ ከእርጥበቱም ይከላከልለታል። ጥቂት ክሮሚየም ስለሚገባበት አንዳንዱ ሐምራዊ ነው። የሚሠራበት ዱቄት ይደቅቃል፤ ከተተኮሰ በኋላ በጋለ ጋዝ ተጨምቆ የቀሩት ቀዳዳዎች ይዘጋሉ። ስንጥቅ የሚጀምረው ከነሱ ነውና።

ቅይጡን መጀመሪያ የወጋሁ ቀን ስንጥቁ ጠፋብኝ። ማይክሮስኮፑን ደጋግሜ አስተካከልኩ። አስተማሪዬን ጠራሁ። ጎንበስ ብሎ አየና፣ "አለ እኮ፣ ማዕዘኑ ጋ ተመልከት" አለኝ። እውነትም ነበር። ትንሽ ሄዶ፣ አንዲት ቅንጣት ዞሮ፣ እዚያው ቆሟል። ፎቶውን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ።