ደም ተወስዶብኛል ማለት ተመርምሬያለሁ ማለት አይደለም

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ ውዶቼ። የዛሬው ቪዲዮ ስለ አባላዘር በሽታ ምርመራ ነው፣ በተለይ ካምፓስ ላላችሁ። ኢርፎን ካላችሁ ሰኩት፣ ሰው መጣ አልመጣ እያላችሁ እንድታዩት አልፈልግም፣ ተረጋግታችሁ ስሙኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ ዓመት እያለሁ አንድ ዶርም የምንጋራ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት "ክሊኒክ አብረሽኝ ነይ" አለችኝ፣ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ወረፋ ያዝን። ተራዋ ደርሶ ካርድ የሚያወጣው ሰው ጋ ስትቀርብ "ምንሽን ነው የሚያምሽ?" አላት፣ ጮክ ብሎ፣ ከኋላችን ደግሞ የክፍላችን ልጆች ቆመዋል። ዝም አለች። ዝም አለች፣ ዝም አለችና "ራሴን" አለች። በቃ። የራስ ምታት ኪኒን ተሰጣት፣ ይዛ ወጣች፣ መንገድ ላይ ኪኒኑን በእጇ እንደያዘች አለቀሰች።

እኔን እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ፣ ያቺ ልጅ ትክክለኛውን ነገር ልታደርግ ነው የሄደችው። ከብዙዎቻችን ቀድማ፣ ፈርታም ቢሆን በእግሯ ሄዳለች። ያጣችው አፏ ላይ የሚመጣ አንድ ቃል ነው። ስለዚህ ዛሬ ላሲዛችሁ የምፈልገው ያንን ቃል ነው፣ እዛ ስትቆሙ ምን እንደምትሉ። የሷን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

እሺ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እድሜያቸው ከ15 እስከ 49 በሆኑ ሰዎች መሃል በየቀኑ ከ1 ሚሊዮን በላይ ጊዜ ሰው በአባላዘር በሽታ ይያዛል፣ ያውም መዳን በሚችሉት ብቻ ነው የምላችሁ፣ ክላሚዲያ፣ ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ትራይኮሞናስ። በየቀኑ! አብዛኛው ደግሞ ምልክት የለውም። ምልክት የለውም ማለት እኮ አያሳክክም፣ አያቃጥልም፣ ፈሳሽ የለውም፣ ሰውየው ክፍል ይገባል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ፈተና ይፈተናል። ስለዚህ "እኔን ምንም አላመመኝም" የሚለው ለብቻው መልስ አይሆንም። ክላሚዲያ ምንም ሳያሳይ ሴቷ ማህፀን ድረስ ወጥቶ ቱቦዎቹን ሊጎዳ ይችላል፣ ከዓመታት በኋላ ልጅ ስትፈልግ ነው የሚታወቃት። የቂጥኝ ቁስል ደግሞ አያምም፣ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይጠፋል፣ ሰው ዳንኩ ይላል፣ በሽታው ግን አልሄደም፣ ወደ ውስጥ ነው የገባው።

አሁን ወደምወደው ምሳሌ ልግባ፣ ይሄን ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።

ትንሽ ሆነን ትምህርት ቤት የሰራነውን ታስታውሳላችሁ አይደል? ብርጭቆ፣ ብርጭቆው ውስጥ እርጥብ ጥጥ፣ ጥጡ ላይ አንድ ፍሬ ባቄላ፣ ከዛ መስኮት ላይ ማስቀመጥ። ሁላችንም አንድ አይነት ነበርን፣ ማታ አስቀምጠን ጠዋት ሮጠን ማየት። ጠዋት ምን አለ? ምንም። ባቄላው ያው ባቄላ ነው። ቢበዛ ትንሽ አብጧል፣ ቆዳው ተሸብሽቧል፣ ቡቃያ ግን የለም። እና አንድ የማይታገስ ልጅ በየክፍሉ አይጠፋም፣ "የኔ አልበቀለም" ብሎ ጥጡን ከነባቄላው የሚጥል። አልበቀለም እኮ አይደለም! ገና ነው። ውስጡ ስራ ላይ ነው፣ ውሃ እየጠጣ ነው፣ እኛ አላየነውም እንጂ ተነስቷል። ጥቂት ቀን የታገሰ ልጅ ነው ያቺን ነጭ ጭራ የመሰለች ስር ብቅ ስትል የሚያያት።

ምርመራም ልክ እንደዚህ ነው። ቅዳሜ የሆነ ነገር ሆኖ ሰኞ ብትመረመሩ ኔጌቲቭ ሊል ይችላል፣ ምርመራው ዋሽቶ አይደለም፣ ያልበቀለ ነገር ነው የጠየቃችሁት። ይሄ ጊዜ ዊንዶው ፔሬድ ይባላል፣ ዊንዶው ደግሞ መስኮት ነው፣ ብርጭቆውንም መስኮት ላይ ነበር ያስቀመጥነው፣ በዚህ እንኳን አስታውሱት። ያልበቀለው ባቄላ ደግሞ ያው ባቄላ ነው፣ ማለቴ ዊንዶው ፔሬድ ላይ ያለ ሰው ውጤቱ ኔጌቲቭ እያለ ለሌላ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል።

ሁሉም ዘር እኩል ቀን አይበቅልም። ክላሚዲያና ጨብጥ 2 ሳምንት አካባቢ ጠብቁላቸው። ኤችአይቪ ከደም ስር ተወስዶ ላብራቶሪ በሚሰራው፣ አንቲጅንም (የቫይረሱን ቁራጭ) አንቲቦዲም (ሰውነታችን ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሰራውን) በሚያየው ከሆነ እስከ 45 ቀን፣ ከጣት ጠብታ ወስደው እዛው በሚነግሯችሁ ፈጣን ምርመራ ከሆነ ደግሞ እስከ 90 ቀን። ቂጥኝ እስከ 3 ወር። ስለዚህ የማይታገሰውን ልጅ አትሁኑ፣ ዛሬ ተመርመሩ፣ ቀኑ ሲሞላ ደግሞ ድገሙት።

ግን አደራ፣ ጠብቁ ስላልኩ ዝም ብላችሁ ቁጭ አትበሉ። ምልክት ካለ ዛሬውኑ ሂዱ። ኮንዶም ከተቀደደ፣ ወይ ሳትፈልጉ ተገዳችሁ ከሆነ፣ ፔፕ የሚባል ኤችአይቪ እንዳይይዝ የሚከላከል መድሃኒት አለ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያም እንደዛው ሰዓቱ ይቆጠራል። ለተገደዳችሁ ደግሞ ይሄን ስሙኝ፣ ጥፋቱ የናንተ አይደለም፣ ብቻችሁን አትሂዱ፣ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ልብስ እስክቀይር ምናምን ብላችሁ ሰዓት አታሳልፉ።

ቴክኒኩን ቶሎ ልበለውና ልለፍ። ሁለት አይነት ምርመራ ነው ያለው በዋናነት። አንደኛው ራሱን ጀርሙን ይፈልጋል፣ ዘረመሉን አባዝቶ ነው የሚያየው፣ በኮሮና ጊዜ ፒሲአር ስንል እንደነበረው፣ ለክላሚዲያና ለጨብጥ ይሄ ነው፣ በሽንት ወይ በስዋብ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ጥጥ ባለው ዘንግ ተጠርጎ በሚወሰድ። ሁለተኛው ሰውነታችን የሰራውን አንቲቦዲ ደም ውስጥ ይፈልጋል፣ ለምሳሌ ቂጥኝ። ሽንት ስትሰጡ ቢያንስ ለ1 ሰዓት ሳትሸኑ ቆዩ፣ የምትቀበሉት ደግሞ መጀመሪያ የሚወርደውን ነው። ለሌላ ምርመራ "መጀመሪያውን አፍስሺ፣ መሃሉን ያዢ" ይባላል አይደል? እዚህ ግልባጩ ነው፣ ጀርሙ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። ብዙ ሰው እዚች ጋ ይሳሳታል።

እሺ አሁን፣ ስለሌላ ነገር ልቀጥል ነበር፣ ግን ባለፈው ስለ እርግዝና መከላከያ የሰራሁት ቪዲዮ ስር አንድ ነገር ተደጋግሞ ተፅፎ አየሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ምን ይላል፣ "እኔ በቅርቡ ታምሜ ደም ተወስዶብኝ ነበር፣ የሆነ ነገር ቢኖር ይነግሩኝ ነበር።" አንድ ሰው ቢሆን እዛው እመልስለት ነበር፣ ብዙ ናችሁ። ወንዱም ሴቱም ይሄንኑ ነው የሚለው።

አይነግሯችሁም። ደብቀዋችሁ አይደለም፣ አላዩትም። ትኩሳት ብላችሁ ሄዳችሁ ሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሴል ቆጠራ ሲታዘዝላችሁ የሚታየው ቀይ የደም ሴል፣ ነጭ የደም ሴል፣ ፕሌትሌት፣ ሄሞግሎቢን ምናምን ነው። ሲቢሲ ላይ ኤችአይቪ የለም። ቂጥኝ የለም። ክላሚዲያ ጭራሽ በደም አይደለም የሚፈለገው። ላብራቶሪ የታዘዘለትን ነው የሚሰራው፣ ወረቀቱ ላይ ካልተፃፈ አይታይም፣ ምርመራ የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው። ቤተመፃህፍት ገብታችሁ የፊዚክስ መፅሐፍ ተውሳችሁ ስትወጡ "የታሪክ ፈተናዬን አጥንቻለሁ" አትሉም አይደል? ያው ነው።

ሌላው ደግሞ "እኔ ደም ለግሻለሁ፣ ደሜ ተመርምሯል" የሚለው ነው። መለገሳችሁ እሰየው፣ ክበሩልኝ፣ ግን የሚለገስ ደም የሚመረመረው ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ ነው፣ ክላሚዲያና ጨብጥ እዛ ውስጥ የሉም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ራሱን ለማስመርመር ብሎ ደም የሚለግስ ሰው አለ፣ በጣም ነው የምለምናችሁ ይሄን አታድርጉ። ባቄላው ገና ያልበቀለ ከሆነስ? ዊንዶው ፔሬድ ላይ ያለ ደም ምርመራውን አልፎ የሆነች ወላድ እናት ክንድ ላይ ሊደርስ ይችላል። መጠርጠር ከመጣ መጀመሪያ ተመርመሩ፣ ከዛ ትለግሳላችሁ። ይሄን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም፣ ስለምወዳችሁ ነው።

"ከሽንት ቤት መቀመጫ ነው የያዘኝ" የሚለውን ግን ረጅም አላወራበትም፣ አባላዘር በሽታ እንደዛ አይተላለፍም፣ መቀመጫውን ተዉት።

እና ምን እንበል? በስሙ ጠይቁ። "ቼክአፕ ልደረግ" አትበሉ፣ ቼክአፕ ማለት ለሁሉም ሰው የተለያየ ነው። "የአባላዘር በሽታ ምርመራ እፈልጋለሁ፣ ክላሚዲያ፣ ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ" በሉ። ግንኙነቱ መቼ እንደነበር ተናገሩ፣ 10 ቀን ይሁን 2 ወር። በየት በኩል እንደነበረም ተናገሩ፣ አዎ ያሳፍራል፣ ግን ጨብጥ ጉሮሮ ውስጥም ይቀመጣል፣ የጉሮሮውን ሽንት አያሳየውም፣ ጉሮሮ ከሆነ ከጉሮሮ ነው ስዋብ የሚወሰደው። የፊንጢጣውም እንደዛው። ባለሙያው ይሄን ሲጠይቃችሁ እየፈረደ አይደለም፣ የቱ ጋ እንደሚፈልግ እያወቀ ነው። ፊቱን ካጠቆረባችሁ ደግሞ ሌላ ባለሙያ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው፣ በአንድ ሰው ፊት ምክንያት ምርመራውን አትተዉት። ውጤቱን ማን እንደሚያየው፣ በስልክ ይሁን በአካል እንደሚነገራችሁም ሳትሰጡ በፊት ጠይቁ።

ፖዘቲቭ ቢሆንስ? ክላሚዲያ፣ ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ትራይኮሞናስ ይድናሉ፣ ይድናሉ! ኤችአይቪ አይጠፋም ግን መድሃኒቱን በደንብ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረስጋ አያስተላልፍም፣ ይሄን ቁጭ ብላችሁ ለሰው ንገሩ። ሄፓታይተስ ቢ እና ኤችፒቪ ክትባት አላቸው፣ ካልተከተባችሁ እግረ መንገዳችሁን ጠይቁ፣ ከማህፀን በር ካንሰር 70 ከመቶ የሚሆነው በሁለት የኤችፒቪ አይነቶች ነው የሚመጣው፣ ክትባቱ ሁለቱንም ይከላከላል።

ከፋርማሲ በግምት አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ግን ይቅር። ጨብጥ መድሃኒት በመልመድ የታወቀ ነው፣ የጓደኛ ትራፊ ኪኒን ሲዋጥ ምልክቱን ያጠፋና ጀርሙን ያስቀረዋል። ፓርትነራችሁም አብሮ ይታከም፣ አለዚያ እናንተ ትድኑና መልሶ ይሰጣችኋል። ታክማችሁ ለ7 ቀን ከግንኙነት መቆየት፣ ክላሚዲያና ጨብጥ ከሆነ በ3 ወር ተመልሶ መመርመር።

ቻናሉን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ቀጣዩ ለፓርትነር እንዴት ይነገራል የሚለው ነው፣ ጥያቄያችሁን ከስር ፃፉልኝ።

እና ያቺ ልጅ። ከሶስት ሳምንት በኋላ እንደገና ሄድን። በዚህኛው ግን ማታውን ከደብተሯ ቅጠል ቀዳ ፅፋ ነበር፣ "የአባላዘር በሽታ ምርመራ። ሴት ባለሙያ ካለች።" አራት አጥፋ ኪሷ ውስጥ ይዛ፣ እጇ ስላላበው ጠርዙ ረጥቦ ነበር። ካርድ ክፍሉ ላይ "ምንሽን ነው?" ሲላት ምንም ሳትናገር ወረቀቱን ዘረጋችለት። አንብቦ፣ አጥፎ መለሰላትና በእጁ በሩን አሳያት። ውስጥ የነበረችው ነርስ በሩን ዘግታ "ተቀመጪ የኔ እህት" አለቻት። ክላሚዲያ ነበር። ዶክሲሳይክሊን፣ በቀን ሁለቴ፣ ለ7 ቀን፣ አለቀ። በ3 ወሯ ለድጋሚ ምርመራ ስትሄድ አልቀሰቀሰችኝም፣ ብቻዋን ሄዳ ክፍል ሳይጀመር ተመልሳ ነበር።