ኦስቫልድ ፎን ቮልከንሽታይን፦ ባላባቱ ሲያማርር

ውድ አድማጮቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በኦስትሪያዋ ከተማ በኢንስብሩክ የሚገኘውን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1432 የተዘጋጀውን የዘፈን የብራና መጽሐፍ የገለጠ ሰው የጀርመንኛውን ገጣሚና ዘፋኝ የኦስቫልድ ፎን ቮልከንሽታይንን ፊት ቶሎ አይረሳውም፤ ሞላ ያለ ፊት፣ በደረቱ ላይ የክብር ምልክቶች፣ ቀኝ ዓይኑ ደግሞ ጭፍን። መጽሐፉን ያሠራው ራሱ ስለሆነ፣ ይህ ዓይን ሳይሸሸግ እንዲሣል የፈቀደውም እርሱ ይመስለኛል።

በ1377 ገደማ በአልፕስ ተራሮች መካከል ባለችው በቲሮል ተወልዶ በ1445 በሜራን ያረፈው ይህ ባላባት 130 የሚያህሉ ዘፈኖችን ትቶልናል። በአንደኛው ዘፈኑ በአሥር ዓመቱ ሦስት ሳንቲምና ቁራሽ ዳቦ ይዞ ከቤት እንደወጣ፣ በአሥር ቋንቋም ይናገር እንደነበር ይተርካል። እንዲህ ያለውን ፉከራ እንዳለ መቀበል ይከብደኛል፤ በ1415 በኮንስታንስ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ የጀርመን ንጉሥ የሲጊስሙንድ አገልጋይ ሆኖ መቀጠሩ ግን በሰነድ የተረጋገጠ ነው።

እኔ ከፉከራው ይልቅ ምሬቱን እወዳለሁ። የሃውንሽታይን ግንብ ድርሻ ያስነሣው ሙግት በ1421 በቀድሞ ወዳጁ ተንኮል አስይዞት፣ ለሥቃይና ለእስር ዳርጎት ነበር፤ በ1427ም ዳግመኛ ታሰረ። በዚያው ዘመን የተደረሰው የሃውንሽታይን ዘፈን የዞረባቸውን አገሮች ስም በኩራት ከደረደረ በኋላ፣ በጥቅጥቅ ደን ወደተከበበ ጠባብ ቋጥኝ በድንገት ይወርዳል። ነገሥታትና ንግሥታት ባከበሩት ሰው ፊት አሁን ያሉት ጥጃና ፍየል ናቸው፤ መዝናኛው የአህያ ዜማና የጣዎስ ጩኸት ነው፤ የወንዙ ፏፏታ ራሱን ይፈልጠዋል። የልጆቹ ጫጫታ ቢያስመርረው ሊቀጣቸው ይነሣል፤ እናታቸው እየጮኸች ደርሳ፣ ልጆቹን እንደ ቂጣ ጠፍጥፈሃቸዋል ብላ ታፋጥጠዋለች፤ ባላባቱም ቡጢዋን ይፈራል። ሚስቱ ማርጋሬተ ፎን ሽቫንጋው በሌሎች ዘፈኖቹ በፍቅር የተወደሰች ሴት መሆኗን ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ትዕይንት የበለጠ ያስቃል።

ዜማውን በተመለከተ፣ ኦስቫልድ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ብዙ ተውሷል። የግንቦት ዘፈኑ ዜማ የፈረንሳዊው የዣን ቫያን ሥራ ነው፤ ኦስቫልድ ግን የወፎቹን ጩኸት በጀርመንኛ ድምፆች እንደ አዲስ ስለሠራው፣ ቃላቱን የማይረዳ አድማጭ እንኳ ኩኩ የምትለዋን ወፍ ለይቶ ይሰማታል። እንዲህ ያለውን ብድር እኔ በድርሰት እቆጥረዋለሁ።